ዙሪያው፦ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ያልተጻፈው ሕግ

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይላል የአገራችን ሰው። ስለ ፌዴራል ሥርዓታችን ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተብሏል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ክርክር ወይ ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ወይ ከክልል ዋና ከተሞች ሽቅብ የሚወረወር በመሆኑ፣ በመካከል ያሉት ከተሞች የሚታወሱት ሲቃጠሉ ወይም ሲፈርሱ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሣቸው የፈለግሁት ሦስቱ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ። ሦስቱም በሕግ የኦሮሚያ ክልል ናቸው፤ ሦስቱም በዕለት ኑሯቸው ከአዲስ አበባ ጋር ተጋምደዋል። ጠዋት ለሥራ ወደ መርካቶና ወደ ፒያሳ ሄዶ ማታ የሚመለሰው ሕዝብ በቀን ሁለት ጊዜ በክልልና በፌዴራል መንግሥት መካከል ያለውን ወሰን ይሻገራል። ወሰኑ የት እንደሆነ ግን ለረጅም ዘመን በውል አልተለየም ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ላለፉት ዓመታት ለፈሰሰው ደም፣ ለፈረሰው ቤትና ለተነቀለው ገበሬ ብዙ ምክንያት መቁጠር ይቻላል። ከምክንያቶቹ ሁሉ ግን በእጃችን የነበረው፣ ልናስቀረው እንችል የነበረውም አንድ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ዝርዝሩ ወደፊት በሕግ ይወሰን ብሎ ያሳደረው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ያልተጻፈው ሕግ።

ከፍል ውሃ እስከ መናገሻ አውራጃ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩበት ፍል ውሃ ባዶ መሬት አልነበረም። ፊንፊኔ የሚለው ስም ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ ዛሬ የክፍለ ከተማና የሰፈር መጠሪያ የሆኑት ጉለሌ፣ የካና ገላንም የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች ስሞች ናቸው። ከተማዋ ስትሰፋ መሬቱ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ ተደለደለ፤ ነባሩ ባለርስት ከፊሉ ጭሰኛ ሆነ፣ ከፊሉም ወደ ዳር ተገፋ። ይህን መናገር የዛሬውን የአዲስ አበባ ነዋሪ ባዕድ ማድረግ አይደለም። መቶ ሠላሳና መቶ አርባ ዓመት ከየማዕዘኑ የመጣ ሕዝብ ወልዶ የከበደባት፣ ቀብሮ ያለቀሰባት ከተማ ለማንም ባዕድ ልትሆን አትችልም። ሁለቱም እውነቶች ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ሁሉ ታሪክን በጎዶሎ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ በነበረው አሐዳዊ ሥርዓት የወሰን ጥያቄ ጎልቶ አይነሣም ነበር። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም በሸዋ ክፍለ ሀገር፣ የመናገሻ አውራጃ አካል ነበሩ። ገፈርሳ ላይ ግድብ ሲሠራ ውሃው የማን ነው ብሎ የጠየቀ ክልል አልነበረም፤ ክልል የሚባል ነገር አልነበረምና። ሰበታ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷና በጌቴሴማኒ ገዳሟ፣ ኋላም በቢራ ፋብሪካዋ ትታወቅ ነበር። የሱሉልታ ሜዳ ለከተማዋ ወተትና ድርቆሽ ያቀርብ ነበር። እንግሊዛዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1956 ለአዲስ አበባ ፕላን ሲያዘጋጅ፣ ከተማዋንና በዙሪያዋ ያለውን አገር አንድ ላይ አድርጎ ማሰብ እንግዳ ነገር አልነበረም።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባላባቱ ነጻ አወጣ፤ በዙሪያው ያለው ገበሬም በገበሬ ማኅበሩ በኩል ባለይዞታ ሆነ። ይሁን እንጂ መሬቱ የመንግሥት ሆነ። ይህ ነገር ኋላ ምን እንዳስከተለ ወደታች እንመለስበታለን።

አንድ ንዑስ አንቀጽ

ደርግ ወድቆ የሽግግር መንግሥቱ ሲቋቋም አዋጅ ቁጥር 7/1984 አገሪቱን በአሥራ አራት ክልሎች ከፈላት። አዲስ አበባ ክልል 14 ተባለች። አዋጁ በዚሁ በክልል 14ና በሐረሪ ላይ የኦሮሞ ሕዝብ ልዩ ጥቅምና የፖለቲካ መብት እንደተጠበቀ ነው አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ አዲስ አበባ ክልልነቷ ቀርቶ የፌዴራል መንግሥቱ ርእሰ ከተማ ሆነች፤ ተጠሪነቷም ለዚያው ለፌዴራል መንግሥት። የፖለቲካ መብት የሚለው ሐረግ ወጣ፤ ልዩ ጥቅም የሚለው ቀረ።

አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ሲተረጎም ይዘቱ ይህ ነው። የአገልግሎት አቅርቦትን፣ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምንና የመሳሰሉትን፣ እንዲሁም አዲስ አበባ በኦሮሚያ መሐል በመገኘቷ የሚነሡ የጋራ የአስተዳደር ጉዳዮችን በተመለከተ ኦሮሚያ ያለው ልዩ ጥቅም ይጠበቃል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል። ልብ በሉ፤ ንዑስ አንቀጹ ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ አልተናገረም። ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚቀበል አልተናገረም። የጋራ የተባለው ጉዳይ በየትኛው ሸንጎ እንደሚመከር አልተናገረም። ሁሉንም ለሚመጣው ሕግ ተወው። በ1989ና በ1995 ዓ.ም. የወጡት የአዲስ አበባ ቻርተሮችም ይህን ቋጠሮ አልፈቱትም።

ሕጉ ለምን ሳይጻፍ ቀረ? መልሱ ለኔ ግልጽ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ፌዴራል መንግሥቱንም፣ ክልሉንም፣ ከተማዋንም ያስተዳድር የነበረው አንድ ግንባር ነበር። በሦስት ወንበር የተቀመጠው አንድ አካል ስለሆነ ክርክሩ በፓርቲ ስብሰባ ያልቅ ነበር። በጽሑፍ የሰፈረ ሕግ ያስፈለገው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ያልተጻፈ ሕግ ለባለሥልጣን ይመቻል። ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይነሣል፣ ማንም በፍርድ ቤት አይጠይቀውም።

አዳማ ደርሶ መልስ

የዚህን መመቻቸት ጉድ ያሳየው የዋና ከተማው ጉዳይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ መንግሥት መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ። የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ተማሪዎች ተባረሩ፣ የማኅበሩ መሪዎችም በ1996 ዓ.ም. ታሰሩ። ሹማምንቱ ለዝውውሩ የሰጡት ምክንያት ልማትና የአስተዳደር ቅልጥፍና ነበር።

ከዚያ የ1997ቱ ምርጫ መጣ። ቅንጅት በአዲስ አበባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከቀረቡት 23 መቀመጫዎች ሁሉንም፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። በወሩ፣ በሰኔ 1997፣ የኦሮሚያ መንግሥት መቀመጫ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመለስ ተነገረ። ውድ አንባቢያን፣ ትናንት ወንጀል የነበረው ጥያቄ ዛሬ የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ ማለት ነው። የተለወጠው የኦሮሞ ገበሬ ጥቅም አልነበረም፤ የተለወጠው የድምፅ ቆጠራው ነው። አንድ መብት በሕግ ካልታሰረ የምርጫ መጫወቻ ካርታ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ክልሉ በዋና ከተማዋ ዙሪያ ያሉትን ወረዳዎችና ከተሞች አሰባስቦ በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞንን አቋቋመ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሰንዳፋ፣ ገላንና ዱከም በአንድ ዞን ገቡ። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ጎን ለጎን ያለ ችግር በጋራ እንዲታይ ያስችል ነበር። ዞኑ ግን በወሰኑ ማዶ የሚነጋገረው አቻ በሕግ አልተሰጠውም።

የሁለት ዋጋ መሬት

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ሰበታም ቡራዩም እያንዳንዳቸው ወደ ሃምሳ ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራቸው፤ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ቆጠራ አላደረገችም። ቤት ኪራዩ ከመሐል ከተማ ያባረረው፣ ከየክፍለ ሀገሩ ሥራ ፍለጋ የመጣው፣ ፋብሪካ የጠራው ሁሉ ወደ ዳር ፈሰሰ። ሰበታና ዓለምገና የፋብሪካ ሰፈር ሆኑ፤ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህም የጅቡቲው አዲስ የባቡር ሐዲድ መነሻ ሰበታ ናት።

አሁን ወደ መሬቱ ልመለስ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ገበሬውም ከይዞታው እንዳይነቀል ይጠበቃል። ይሁን እንጂ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል መሬቱን ሊወስድ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ለቋሚ ተነቃይ ገበሬ የሚሰጠው የማፈናቀያ ካሣ፣ የአምስት ዓመት ምርቱ አማካይ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። ሒሳቡ በጤፍና በስንዴ ነው የሚሠራው። ያው መሬት ወደ ከተማ ከተከለለ በኋላ ግን በሊዝ ጨረታ በካሬ ሜትር ይሸጣል። በማግሥቱ ሌላ ዋጋ ያወጣል ማለት ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የገባው ለገበሬው አይደለም።

ገበሬው ሞኝ አይደለም። በካሣ ከመወሰዱ በፊት ለመጣው ሰው በጓሮ በር ይሸጣል፤ ገዢውም በሌሊት ግድግዳ አቁሞ ጣራ ይመታል። ጨረቃ ቤት የሚባለው እንዲህ ይወለዳል። ቀበሌው ያያል፤ አንዳንዱ ሹም ይቀበላል፤ መብራት ይገባል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ዕድርና ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድም ይተከላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሕገ ወጥ ነህ ተብሎ ግሬደር ይመጣል። ሁለቱም፣ ሻጩ ገበሬና ገዢው ነዋሪ፣ የአንድ ጎዶሎ ሕግ ልጆች ናቸው፤ ፖለቲከኛው ግን አንዱን ወራሪ፣ ሌላውን ጠባብ እያለ ያፋልማቸዋል።

የግብሩም ነገር እንደዚያው ነው። ቡራዩ የሚኖር ሠራተኛ መርካቶ ቢቀጠር፣ የሥራ ግብሩን ቆርጦ የሚያስገባው አሠሪው በመሆኑ ገንዘቡ በአመዛኙ የሚቀረው ድርጅቱ በተመዘገበበት ነው። የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የሰፈሩን ቧንቧና ጥርጊያ መንገድ የሚጠየቀው ግን የቡራዩ ከተማ ነው።

ማስተር ፕላኑ፣ ሰንዳፋና ቆሼ

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያስተሳስር የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን፣ በባለሙያ ዓይን ሲታይ መንገድን፣ ውሃን፣ ቆሻሻንና መኖሪያን በአንድ ላይ ማሰብ ትክክል ነበር። መንግሥትም የአስተዳደር ወሰን አይነካም ሲል ማለ። ግን ማን ይመነው? የልዩ ጥቅሙ ሕግ አልወጣም፤ ካሣው ያው ነው፤ የቡራዩና የሰበታ ነዋሪም ሆነ ገበሬ አልተጠየቀም። በሚያዝያ 2006 በአምቦ፣ በጅማ፣ በሐረማያና በሌሎችም ስፍራዎች ተማሪዎች ተነሡ፤ ጥይት መለሰላቸው። በኅዳር 2008 ተቃውሞው ከጊንጪ ዳግመኛ ፈነዳ። በጥር 2008 ኦሕዴድ ፕላኑ መሰረዙን አስታወቀ። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በሰኔ ወር ለምክር ቤቱ ባቀረበው ሪፖርት በኦሮሚያ 173 ሰዎች መሞታቸውን ገለጸ፤ ከመንግሥት ውጭ ያሉ የመብት ተሟጋቾች ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርጉታል። በመስከረም 2009 ከቢሾፍቱው የኢሬቻ እልቂት በኋላ ሰበታ ውስጥ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ።

ከዚሁ ሁሉ ጩኸት ጎን ግን እጅግ ዝቅ ብሎ የሚሰማ፣ ለክርክራችን ግን ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለው ታሪክ አለ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል የተከመረው ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ስፍራ ነው። እርሱ በመሙላቱ በፈረንሳይ የልማት ድጋፍ ሰንዳፋ አጠገብ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ቦታው ኦሮሚያ ነው፤ ቆሻሻው የአዲስ አበባ። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ውሃችንና ከብታችን ተበከለ ብለው ተነሡ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ማስወገጃው ተዘጋ። የቆሻሻ መኪናዎቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተናደ፤ በሥሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ።

እስቲ ማንን እንውቀስ? ገበሬውን? የተበከለ ውሃ አልጠጣም ማለቱ መብቱ ነው። ከተማዋን? ቆሻሻዋን የምትጥልበት ያስፈልጋታል። አንቀጽ 49 ንዑስ 5 የጋራ የአስተዳደር ጉዳይ ሲል በትክክል ይህን ማለቱ ነበር። ገበሬው የሚቀርብበት፣ ባለሙያው የሚመሰክርበት፣ ካሣ የሚቆረጥበት፣ ሁለቱ አስተዳደሮች በግዴታ የሚቀመጡበት ሸንጎ በሕግ ቢኖር ኖሮ ነገሩ በመንገድ መዝጋት ባላለቀ ነበር። ያልተጻፈ ሕግ ሰው አይገድልም የሚል ካለ ወደ ቆሼ ይሂድ።

ውሃውንም አስቡት። ንጹሑ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ፣ ሁሉም ኦሮሚያ፣ ወደ ከተማዋ ይገባል። የከተማዋ ፍሳሽ ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ወርዶ በታች ባለው ገበሬ መስኖና በአባ ሳሙኤል ሐይቅ በኩል ተመልሶ ወደ ኦሮሚያ ይወጣል። የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያሰላ ውል እስከ ዛሬ የለም።

ከረቂቁ እስከ ሸገር

በሰኔ 2009 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የልዩ ጥቅሙን ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መራው። ረቂቁ ኦሮምኛ በከተማዋ የሥራ ቋንቋ እንዲሆን፣ በኦሮምኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ፣ ለተነሺ ገበሬዎች ካሣና ማቋቋሚያ እንዲሰጥ፣ የጋራ ምክር ቤት እንዲኖር የሚሉ ነጥቦች ነበሩት። ግማሹ አነሰ አለ፤ ግማሹ በዛ አለ፤ ረቂቁም አዋጅ ሳይሆን ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት ተጠብቆ የመጣ ረቂቅ ሌላ ዕድል አላገኘም።

የ2010ሩ ለውጥ ሲመጣ የብዙዎች ተስፋ ታላቅ ነበር። በመስከረም 2011 ግን ቡራዩ በደም ታጠበች፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች፣ ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ተፈናቀሉ። አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የተነሣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ አባቶች ያን ሰሞን ከመንግሥት በላይ መንግሥት ነበሩ። በየካቲት 2011 በለገጣፎ ቤቶች ፈረሱ፤ በዚያው ወር ደግሞ አዲስ አበባ በኮዬ ፈጬ የሠራቻቸውን ኮንዶሚኒየሞች በዕጣ ስታድል ኦሮሚያ ውስጥ ሰልፍ ተነሣ፤ ክልሉም ተቃወመ። ለዓመታት ቆጥቦ ዕጣ የወጣለት ነዋሪ ቁልፍ አጣ፤ መሬቱን ለቆ የተባረረው ገበሬም ቤት አልነበረው። ሁለት የተበደሉ ሰዎች ፊት ለፊት ቆሙ፤ በዳዩ በመካከላቸው አልነበረም።

በነሐሴ 2014 ከተማዋና ክልሉ በወሰን መስማማታቸው ተነገረ፤ ኮዬ ፈጬም ወደ ኦሮሚያ ሄደ። ስምምነቱ መገኘቱ መልካም ነው። ነዋሪው ግን በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳደረ የሰማው ከዜና ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ከሌሎች አካባቢዎች ጋር ተጨፍልቀው በ12 ክፍለ ከተሞች የተዋቀረ ሸገር የተባለ አንድ ከተማ ሆኑ። በየከተማው የአካባቢ ምርጫ በመጨረሻ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ስለነበር፣ የራሱ ከተማ ሲፈርስና ሲሠራ ነዋሪው የመረጠው ሰው ድምፅ አልሰጠበትም ማለት ይቻላል። ወዲያውም መጠነ ሰፊ የቤት ማፍረስ ተከተለ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አፈጻጸሙ የሕግ ሥርዓትን ያልተከተለ ነው ሲል ተቸ። መስጊዶች መፍረሳቸውን በመቃወም በግንቦት 2015 በአንዋር መስጊድ በተነሣው ተቃውሞም የሰው ሕይወት ጠፋ። ወሰኑ ተሰመረ፤ ሕጉ ግን አሁንም የለም።

ከኦታዋ ምን እንማራለን?

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። ፌዴራል አገሮች ለርእሰ ከተማቸው መንገድ ሲፈልጉ ኖረዋል። አሜሪካ፣ አውስትራሊያና ናይጄሪያ ለዋሽንግተን፣ ለካንቤራና ለአቡጃ ከክልል ውጭ የሆነ ልዩ ግዛት ከለሉ። ካናዳ ግን እንዲህ አላደረገችም። እ.ኤ.አ. በ1857 ንግሥት ቪክቶሪያ የመረጠቻት ኦታዋ እስከ ዛሬ በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ሥር ያለች፣ በኦንታሪዮ ሕግ የምትተዳደር ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የፈረንሳይኛ ተናጋሪው የኬቤክ ግዛት ጋቲኖ አለ። አንድ የኑሮ አካባቢ፣ ሁለት ክፍለ ግዛት፣ ሁለት ቋንቋ፣ በላዩ ፌዴራል መንግሥት። ከኛ ጋር የሚመሳሰል ነገር የለውም የሚል ማን ነው?

ካናዳውያን እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጡት ሕግ የብሔራዊ ርእሰ ከተማ ኮሚሽንን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ በሁለቱም ወገን ፓርክ፣ ድልድይና የመንግሥት መሬት ያቅዳል፤ የማንንም ክፍለ ግዛት ወሰን ግን አይነካም። በኦታዋ ዙሪያ ሃያ ሺሕ ሄክታር የሚያህል አረንጓዴ ቀበቶ ሲከልል ሙንሮ የተባለ ባለ እርሻ መሬቴን ልትወስዱ ሥልጣን የላችሁም ብሎ ተከራከረ፤ ጉዳዩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1966 ኮሚሽኑ ረታ። ሰውየው ተሸንፏል። ቁም ነገሩ ግን የተሸነፈው በተጻፈ ሕግ፣ በችሎት፣ ምክንያቱ ተነግሮት መሆኑ ነው። በግብሩም በኩል ጋቲኖ አድሮ ኦታዋ የሚሠራ ሰው የክፍለ ግዛቱን የገቢ ግብር የሚከፍለው ለሚኖርበት ለኬቤክ ነው። ፌዴራል መንግሥቱም በከተሞቹ ስላለው ንብረት በግብር ፋንታ ለከተሞቹ ገንዘብ ይከፍላል። የቡራዩ ከንቲባ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ካናዳ ገነት ናት ማለቴ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወደ ኬቤክ ወገን ሲሻገሩ የድሮው ሃል ከተማ ብዙ ነዋሪዎች ቤታቸው ፈርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኦንታሪዮ በኦታዋ ዙሪያ የነበሩትን አሥራ አንድ ማዘጋጃ ቤቶች ጨፍልቃ አንድ ከተማ አድርጋቸዋለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የቶሮንቶን ምክር ቤት፣ የምርጫ ቅስቀሳው ተጀምሮ ሳለ፣ ከ47 ወደ 25 መቀመጫ አወረደችው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 በአምስት ለአራት ድምፅ አጸናላት። ከተማ የክፍለ ግዛቱ ፍጡር ነው የሚለው መርሕ ካናዳ ውስጥም ያወዛግባል። የሸገርን አመሠራረት ሳይ ይህን አስታውሳለሁ። ልዩነቱ እዚያ የተጎዳው ወገን ከሳሽ ሆኖ ችሎት መቆሙ፣ አራት ዳኞችም ለርሱ ወግነው በጽሑፍ መተዋቸው ነው።

ምን ይደረግ?

አዲስ አበባ የማን ናት የሚለው ጥያቄ በአንድ ጽሑፍ አያልቅም፤ ማለቁም አያስፈልግም። ትልቁን ጥያቄ ሳንፈታ መፍታት የምንችላቸው ትንንሽ ጥያቄዎች አሉ፤ የሚገድሉንም እነርሱ ናቸው።

አንደኛ፣ የልዩ ጥቅሙ ሕግ በምክር ቤት፣ በግልጽ ክርክር ይጻፍ። የሚያንስም የሚበዛም ካለ በጽሑፍ ያለውን ማሻሻል ይቻላል፤ የሌለውን ግን ማንም አያሻሽልም። ሁለተኛ፣ ከተማዋ፣ ክልሉና ፌዴራል መንግሥቱ የሚቀመጡበት፣ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች የመረጧቸው ሰዎችና ገበሬዎቹም ድምፅ የሚኖራቸው የጋራ አካል ይቋቋም፤ ውሃን፣ ቆሻሻን፣ መንገድንና ትራንስፖርትን ይምከር። ሦስተኛ፣ ለተነሺ ገበሬ የሚከፈለው በሰብል ሒሳብ ብቻ አይቅር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካሣውን ከፍ ማድረጉ እርምጃ ነው፣ መሬቱ ከተማ ሆኖ ከሚያወጣው ዋጋ ግን ድርሻ ይኑረው። አራተኛ፣ በአንዱ ወገን ኖሮ በሌላው የሚሠራ ሰው ከሚከፍለው ግብር ለመኖሪያው ከተማ የሚደርስ ቀመር ይበጅ። አምስተኛ፣ ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ምትክ መጠለያና ያለ ፍርድ ቤት ዕድል የማንም ቤት አይፍረስ፤ ቤቱ አዲስ አበባም ቢሆን፣ ሸገርም ቢሆን።

አንዳንዱ ወዳጅ ይህ ሁሉ ለኦሮሚያ መስጠት ነው ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ለአዲስ አበባ መስጠት ነው። ሁለቱም ዘንግተዋል። ያለ ሕግ የቆየው ሠላሳ ዓመት ለገበሬውም ለነዋሪውም አልሰጠም፤ ከሁለቱም ወሰደ። የወሰደው ደግሞ በየጊዜው በወንበር የተቀመጠው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኛ ግን በ2006፣ በ2008፣ በ2011ና በ2015 ዓ.ም. ተቃጥለናል፤ ቅጠሉ እስከ አሁን በሕገ መንግሥቱ ገጽ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ቸር ያሰማን።